«ፓምፑ ተበላሽቷል»፦ በአንድ የሞተር ሳይክል መምሪያ ትርጉም ላይ የቀረበ ሂስ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ ባለ አራት ገጽ የትርጉም ሥራ ነው። ሥራው ለመጻሕፍት መደብር የቀረበ አይደለም። አንድ መሥሪያ ቤት በምዕራብ ጎጃም ገጠር ለሚዘዋወሩ ሠራተኞቹ ስለ ሞተር ሳይክል አያያዝ ከእንግሊዝኛ አስተርጉሞ ያደለው መምሪያ ነው። የመምሪያውን ሙያዊ ቃላት እንዲያርም ከተጠራው ቡድን ውስጥ እኛም ነበርንበት፤ ስለሆነም ከዚህ በታች የምንሰነዝረው ሂስ በመጀመሪያ የሚያርፈው በራሳችን ላይ መሆኑን አንባቢ እንዲያውቅልን እንፈልጋለን።

መምሪያው የተዘጋጀላቸው ሞተር ሳይክሎች አሮጌ ያማሃ ኤጂ 100 ናቸው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ጂጋና ወደ ማንኩሳ፣ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በጠጠርም በጭቃም መንገድ ብዙ ዘመን ያገለገሉ፣ ጭናቸው በሰማያዊ ጭስ የጠቆረ መሣሪያዎች ናቸው። ሞተራቸው ባለ ሁለት ምት ነው። «ምት» የሚለው ስያሜ በነገራችን ላይ ከተሳኩት አንዱ ነው፤ መካኒኩም መምህሩም ሳይቸገሩ ተቀብለውታል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ፒስተኑንና ሲሊንደሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ከነዳጁ ጋር ገብቶ፣ ሥራውን ሠርቶ፣ ተቃጥሎ በጭስ ማውጫው የሚወጣ ነው። ቀድሞ ባለቤቱ ራሱ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ለክቶ ይደባልቅ ነበር። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1964 ይህን ድካም የሚያስቀር ዘዴ ለገበያ አቀረበ። ዘይቱ በራሱ ማጠራቀሚያ ይቀመጣል፤ በሞተሩ የምትዞር አንዲት ትንሽ ፓምፕ የሞተሩን ፍጥነትና የነዳጅ መስጫውን አከፋፈት እየተከተለች ጠብታውን መጥና ትልካለች። ከዚህ ሌላ በማርሹ ቤት ውስጥ የሚኖር፣ የማይቃጠል፣ ጊዜው ሲደርስ ተደፍቶ በአዲስ የሚተካ ሁለተኛ ዘይት አለ። ሁለቱ ዘይቶች አይገናኙም።

የመጀመሪያው ስሕተት የተፈጸመው እዚህ ላይ ነው። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ሁለቱን ዘይቶች በሁለት ስም ሲጠራ ትርጉሙ ሁለቱንም «የሞተር ዘይት» ብሏቸዋል። በአንደኛው ገጽ «የሞተር ዘይት በጊዜው ይቀየር» ይላል፤ በሦስተኛው ገጽ ደግሞ «የሞተር ዘይት መጠን በየቀኑ ይታይ» ይላል። አንባቢው ምን ያድርግ? ዘይቱን ከታች ደፍቶ አዲስ ከሞላ ሁለቱንም ትእዛዝ የፈጸመ ይመስለዋል። በመቀመጫው አጠገብ ያለውን ማጠራቀሚያ የሚያስታውሰው ነገር የለም። ቃላቱን ስናርም ይህን ያላየነው ዐረፍተ ነገሮቹ በተለያየ ገጽ ላይ ስለነበሩና እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሲነበቡ እንከን ስለሌለባቸው ነው። የሰዋስው እንከን የሌለው ትርጉም ሞተር ሊያቃጥል እንደሚችል በዚያን ጊዜ አላሰብንም ነበር።

የሆነውም ይህ ነው። አንድ ሠራተኛ መምሪያው እንዳዘዘው ዘይቱን ቀየረ። ከሳምንታት በኋላ አንድ ቀን ጠዋት የሞተር ሳይክሉ ጭስ ጠፋ። «ጭሷ የጠፋ ዕለት ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዘይት ስለቀየርሁላት ተሻላት ብዬ» ሲል ኋላ አጫውቶናል። ሰውየው አልተሳሳተም ማለት ይቻላል፤ በመኪና፣ በወፍጮና በባለ አራት ምት ሞተር ሁሉ ሰማያዊ ጭስ በሽታ፣ የጭስ መጥፋት ጤና ነው። በባለ ሁለት ምት ግን ነገሩ ይገለበጣል። እንደ ዕድል ሆኖ ያን ዕለት ማጠራቀሚያው ባዶ መሆኑን አየና ሞላው። ጭሱ ግን አልተመለሰም። ለመሥሪያ ቤቱም «ፓምፑ ተበላሽቷል» ሲል ጻፈ። መምሪያው በአራተኛው ገጽ «የዘይት መግፊያው ከተበላሸ ይለወጥ» ስለሚል ከቆመ ሌላ ሞተር ሳይክል ፓምፕ ተፈትቶ ተላከና ተለወጠ። ሞተር ሳይክሉ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ማንኩሳ ሳይደርስ ሞተሩ ነከሰ።

በፍኖተ ሰላም ሞተሩን ያወረዱት መካኒክ ዕድሜያቸው ከእኛ የሚቀራረብ፣ ሙያውን በእህል ወፍጮ ጥገና የጀመሩ ሰው ናቸው። የወጣውን ፓምፕ በእጃቸው አገላብጠው አዩና «ይኸ ፓምፕ ምን በደለ? አየር ይዞት ነው እኮ፤ አዲሱንም ይዞታል» አሉ። ማጠራቀሚያው ሲደርቅ ፓምፑና ቱቦው አየር ሞላቸው። ዘይት ከላይ ቢጨመርም በመካከል የቀረው አየር ዘይቱን አላሳልፍ አለ። የተተካው ፓምፕም ባዶውን ገብቶ ያው ሆነ። መድኃኒቱ በፓምፑ ላይ ያለችውን ትንሽ የአየር ማስወጫ ብሎን ላላ አድርጎ፣ ዘይቱ አረፋ መትፋቱን ትቶ ጥርት ብሎ እስኪፈስ መጠበቅ ነበር። ከዚያም ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ እስኪሞላ ሞተሩን በዝግታ አስነሥቶ የፓምፑን መዘውር በእጅ ከፍቶ መያዝ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ደርቆ እንዳይሠራ በነዳጅ ታንኩ ውስጥ ድብልቅ፣ ለምሳሌ በ20 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት፣ ይጨመራል። ይህ ሁሉ የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ የሚለወጥ ዕቃም የለውም።

ከዚህ ላይ ነው የመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ቆም ብሎ ማሰብ ያለበት። «አየር ያዘው» የሚለውን አነጋገር እንመልከት። ሾፌሮች ስለ ፍሬንም እንዲሁ ይላሉ። በዚህ ዐረፍተ ነገር ባለቤቱ አየሩ ነው፤ ፓምፑ ተሳቢ ነው። አሠራሩ «ጉንፋን ያዘው»፣ «ብርድ ያዘው» ከምንለው ጋር አንድ ነው። ጉንፋን የያዘውን ሰው ማንም «ተበላሸ» አይለውም፤ ይለወጥም አይልም። የያዘው እንዲለቅቀው ይደረጋል እንጂ። «ያዘ» ካለ «ለቀቀ» አለ። መካኒኩም ብሎኗን ላላ ሲያደርጉ «አየሩን ላስለቅቀው» ነው ያሉት። በሽታውን የሚጠራው ግሥ መድኃኒቱንም ጠርቶታል። «ተበላሸ» ግን ከውስጡ ምንም መድኃኒት አይወጣም፤ ስለሆነም ተርጓሚው «ይለወጥ» የሚል ሌላ ግሥ ከውጭ አምጥቶ ይጨምርበታል።

እኚሁ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ስለ አንዲት ፓምፕ የተጠቀሙባቸውን ግሦች ጽፈን ይዘናል። ማጠራቀሚያው ባዶ ሲሆን «ደረቀ» ይላሉ። ማጣሪያው ወይም ቱቦው በቆሻሻ ሲዘጋ «ታፈነ» ነው፤ ዘይት አለ፣ ፓምፑም ደኅና ነው፤ መንገዱ ግን የለም፤ መድኃኒቱ ማጠብ ነው። ከነዳጅ መስጫው ተከፍሎ ወደ ፓምፑ የሚሄደው ገመድ ሲረዝም ወይም ሲያጥር፣ በመዘውሩ ላይ ያለው ምልክት ከመሰሉ ጋር መግጠሙን ይተዋል፤ ይህ «ተዛነፈ» ነው። ገመዱ ረዝሞ ከተዛነፈ ሞተሩ ዳገት ላይ ዘይት ሲያጥረው፣ አጥሮ ከተዛነፈ ካንዴላው እየጠቆረ ይቸገራል፤ በሁለቱም ፓምፑ ሳይፈታ ገመዱ ይስተካከላል። ዘይቱ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ያለ ፈቃድ እንዳይሄድ የምታግደው ትንሽ ኳስና ሞላ ስታረጅ፣ ሞተር ሳይክሉ በቆመበት ሌሊት ዘይቱ ወደ ሞተሩ «ይሾልካል»፤ ጠዋት ሲነሣ ግቢውን በጭስ ይሞላል። የፓምፑን ዘንግ የሚያዞረው ጥርስ ሲያልቅ «ተበላ» ይባላል፤ እዚህ ጋ ብቻ «ይለወጥ» ማለት ተገቢ ነው። እንግዲህ መምሪያው በአንድ «ተበላሸ» የሸፈናቸው ቢያንስ ስድስት ነገሮች ናቸው፤ ከስድስቱም አምስቱ ፓምፕ መለወጥን አይጠይቁም።

«ነከሰ» ለብቻው ይታይ። ግሡ ተሻጋሪ ነው፤ ነገር ግን «ሞተሩ ነከሰ» ሲባል የተነከሰው አይነገርም። ነካሹ ፒስተኑ ነው፤ በሙቀት አብጦ፣ ዘይት ጠፍቶት፣ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይነክሳል። የቋንቋው ተናጋሪ ግን ነካሽንም ተነካሽንም በአንድ ሞተር ውስጥ ጠቅልሎ ግሡን ብቻ ይናገራል። የመምሪያው ትርጉም ይህን «ሞተሩ ደርቆ ይቆማል» ብሎታል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ «ነከሰ» «ነክሶ ለቀቀ» የሚል ተከታይ አለው። ጥቂት የነከሰ ሞተር ሲበርድ ይለቅቃል፤ ባለቤቱም ምንም እንዳልሆነ ቆጥሮ አስነሥቶ ይሄዳል። መካኒኩ ይህን ሲሰሙ ሲሊንደሩን ሳያወርዱ አያልፉትም፤ በፒስተኑ ጭን ላይ፣ በተለይ በጭስ መውጫው በኩል፣ ፍቅፋቂ መኖሩን ያውቃሉና። «ደርቆ ይቆማል» የሚለውን ያነበበ ሰው ግን ሞተሩ ተመልሶ ከተነሣ መምሪያው ያለው በሽታ አልደረሰበትም ብሎ ይደመድማል።

«በላ» ደግሞ በተቃራኒው የሚያሳስት ግሥ ነው። «ሞተሩ ዘይት ይበላል» በባለ አራት ምት ክስ ነው፤ ፋሻው ወይም የቫልቮላው መዝጊያ ማለቁን ይናገራል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ግን ዘይት መብላት ተፈጥሮው ነው፤ ካልበላ ይሞታል። መምሪያው «ሞተሩ ዘይት የሚበላ ከሆነ ወደ ጋራዥ ይወሰድ» ማለቱ ከሌላ መሣሪያ መምሪያ የተቀዳ ምክር መሆኑን ያሳብቃል። ትእዛዙ ቢፈጸም ኖሮ ጤነኞቹ ሁሉ ወደ ጋራዥ ሄደው የታመመው ብቻ በመንገድ ላይ ይቀር ነበር።

ለማነጻጸር ያህል ዛሬ በቡሬም በፍኖተ ሰላምም የሚበዙትን ባለ አራት ምት የህንድ ሞተር ሳይክሎችና ባለ ሦስት እግሩን ባጃጅ እናንሣ። (ባጃጅ የፋብሪካ ስም መሆኑ ተረስቶ የተጸውዖ ስም ወደ ወል ስም የተለወጠበት ይህን ያህል የጠራ ምሳሌ በአማርኛ ብዙ የለንም።) በእነዚህ ሞተሮች ውስጥ ያለው የዘይት ፓምፕ ሌላ ፍጥረት ነው ማለት ይቻላል። በሞተሩ ሆድ የተኛውን ዘይት ከወንፊቱ በላይ ስቦ ወደ ኮሎውና እስከ ቴስታታው ድረስ ያደርሳል፤ ዘይቱም ተመልሶ ወደ ሆዱ ይወርዳል፤ አይቃጠልም፤ ይዞራል። ፓምፑ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚዞሩ ሁለት የተጎረዱ ብረቶች አሉት፤ በመካከላቸው የሚፈቀደው ክፍተት ከሚሊ ሜትር ጥቂት አሥረኛ እጅ አይበልጥም፤ መለኪያውም ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ናቸው። ዘይቱ ሳይቀየር ሰንብቶ ሲጎለድፍ፣ አቧራና የብረት ብናኝ ሲገባበት፣ ብረቶቹ ይቧጨራሉ፤ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ዘይቱ መገፋቱን ትቶ በዚያው ይንሸራተታል። በመጀመሪያ የሚጮኸው ዘይቱ መጨረሻ የሚደርሰው ቴስታታው ነው። ጭስ እዚህ ምስክር አይሆንም፤ ጆሮ ነው ምስክሩ። እንግዲህ አንዱ ፓምፕ ለክቶ ይሰጣል፣ ሌላው ያዞራል። አንዱ ሲታመም ጭስ ይጠፋል፣ ሌላው ሲታመም ድምፅ ይመጣል። አንዱ የሚፈልገው የማያቋርጥ ጭማሪ፣ ሌላው የሚፈልገው በጊዜው መቀየር ነው። ሁለቱን በአንድ ስም የጠራ ተርጓሚ የአንዱን ምክር ለሌላው መስጠቱ አይቀርም፤ እኛም ሰጥተናል።

አሁን ወደ ስሙ እንመለስ። መምሪያው ስንል «የዘይት መግፊያ» የሚለውን ስያሜ ማን እንዳወጣው አልደበቅንም፤ ያወጣነው እኛው ነን። «ፓምፕ» ባዕድ ነው፣ «ገፋ» የራሳችን ነው፣ «መ–ያ» የመሣሪያ ስም መሥሪያ ነው ብለን ነበር። መካኒኩ ቃሉን ሲሰሙ «መግፊያ? ዘይቱን በምን ልንገፋው ነው፣ መምህር?» ብለው ሳቁ። የሳቁት በቃሉ እንግድነት አይመስለንም። «መ–ያ» የመሣሪያ ስም ብቻ ሳይሆን የቦታም፣ የጊዜም፣ ሰው በእጁ ይዞ የሚሠራበትም ነገር ስም ነው። «መጥረጊያ»፣ «መቆፈሪያ»፣ «መግፊያ» ሲባል ሰሚው የሚፈልገው የሚይዘውን እጅ ነው። ይህች ፓምፕ ግን ማንም ሳይነካት፣ ሳያስታውሳትም፣ በራሷ የምትሠራ ናት፤ ጥፋቱም ሁሉ የመጣው ስላላስታወሷት ነው። ሌላ ባልደረባችን «ዘይት መስጫ» የሚለውን አቅርቦ ነበር፤ እርሱማ ጭራሽ ከላይ ዘይት ከሚሞላበት ቀዳዳ ጋር ይምታታል።

በጋራዥ ያለው አማርኛ ስምን ከመዋስ ተጸይፎ አያውቅም። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ፊልትሮ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፋሻ፤ ብዙው ከጣሊያንኛ የመጣና እስከ ዛሬ የጸና ነው። ግሡን ግን አልተዋሰም ማለት ይቻላል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፣ ፍሪሲዮኑ ይበላል። ስሙ እንግዳ፣ ግሡ የቤት ልጅ ነው። እኛ የሠራነው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ የተለመደውን የውሰት ስም አባርረን አዲስ ስም ስናበጅ ያሉትን ግሦች ሁሉ በ«ተበላሸ» ጣልናቸው። የስያሜ ዝርዝር ስናዘጋጅ ከእንግሊዝኛው ዓምድ የምንለቅመው ስም ነውና ግሥ የሚገባበት ዓምድ እንኳ አልነበረንም። ይህን ያደረግነው ደግሞ በጎጃም ምድር ለሚነበብ ጽሑፍ መሆኑ ያስተዛዝባል፤ በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ቤቶች ተማሪው ርባ ግሥንና ርባ ቅምርን ሳይጠነቅቅ ወደ ቅኔ አይሻገርም። ብዙ የደከሙባቸው ሥራዎች፣ የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላትም ሆነ በ1989 ዓ.ም. የወጣው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት፣ ለተርጓሚ መነሻ ይሆናሉ። ብልሽትን በየግሡ ለይቶ የሚያስቀምጥ የጥገና መዝገበ ቃላት ግን ሌላ ዓይነት ለቀማ ይጠይቃል፤ የሚለቀመውም ከጋራዥ ወለል ላይ ነው።

የምናቀርበው ሐሳብ «ፓምፕ» ይቆይ፤ ልዩነቱ በቅጽሉ ይነገር የሚል ነው። ለክታ ለምትሰጠው «መጋቢ ፓምፕ» እንላለን። መጋቢ በገዳም ለእያንዳንዱ ድርሻውን እየመጠነ የሚያድል ሹም ነው፤ የሰጠውም ተመልሶ አይመጣለትም፤ ጎተራውን ሳይሞሉ መጋቢውን መውቀስ እንደማይገባም ሰው ሁሉ ያውቃል። የቤተ ክህነት ማዕርግ ለብረት አይሰጥም የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣብን እንጠብቃለን፤ ነገር ግን «ቀሲስ» ወይም «ዲያቆን» አላልንም፤ «መገበ» ሰፊ ግሥ ነው። ለሁለተኛው «አዟሪ ፓምፕ» ብለናል፤ ልባችን ግን ገና አልረጋም። «አዟሪ» ሲባል ሰው የሚያስበው ዕቃ ተሸክሞ የሚሸጠውን ነው፤ «አዘዋዋሪ» ብንል ደግሞ ፖሊስ የሚፈልገው ዓይነት ሰው ይመስላል። የተሻለ ያለው አንባቢ ቢጽፍልን ደስ ይለናል። ለዘይቶቹ ግን ጥርጥር የለንም፦ የሚቃጠለው «የሚበላ ዘይት» ይባል ብለን እንዳንጽፍ ከምግብ ዘይት ጋር ስለሚጋጭ፣ «የድብልቅ ዘይት» የሚለውን የጋራዥ ስም ወስደናል፤ በማርሹ ቤት ያለው «የማርሽ ዘይት» ነው። «የሞተር ዘይት» በባለ ሁለት ምት መምሪያ ውስጥ ጨርሶ እንዳይገባ እንጠይቃለን። ከዚህም በላይ በገጠሩ አነጋገር «ሞተር» ሞተር ሳይክሉ ራሱ ነው፤ «ሞተሩን ሳታቆም» የሚለው ትእዛዝ ሳታጠፋ ነው ወይስ ሳትቆም? ዶቅዶቄ የሚለው የድምፅ ስም ከመምሪያ ቋንቋ በመባረሩ ይህችን አንዲት ጥቅም አጥተናል።

መምሪያው ሲታረም አራተኛው ገጽ እንዲህ እንዲነበብ አድርገናል፦ «ጭሱ ድንገት ከጠፋ ወዲያው ሞተሩን አጥፋ። የድብልቅ ዘይቱ ደርቆ እንደሆነ ሙላ፤ ከደረቀም መጋቢ ፓምፑን አየር ይዞታልና ሳታስለቅቅ አትንዳ። ቱቦው ታፍኖ እንደሆነ እጠብ። ምልክቱ ተዛንፎ እንደሆነ ገመዱን አስተካክል። ጥርሱ ተበልቶ እንደሆነ ፓምፑን ለውጥ።» ረቂቁን ለመካኒኩ አንብበንላቸው ነበር። «መጋቢ» ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ፤ «አስለቅቅ» ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያም «ቱቦው ታፍኖ» ያልነውን «መጀመሪያ ማጣሪያው ነው የሚታፈነው» ብለው አረሙን።